ሌጦ ቤት ያደሩ ደብዳቤዎች

ባለፈው ሳምንት ከዳባት ስመለስ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሌጦ ተጭኖ ነበር። ትኩስ የበግ ሌጦ፣ ጨው እንኳ በደንብ ያልጠጣ። መኪናው በተናጠ ቁጥር ከማዳበሪያው ውስጥ ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ በእኔ መስኮት ላይ ይወርዳል፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በሻርፗ አፍንጫዋን ይዛ «ኤጭ! ይኼ ሾፌር ሬሳ ነው እንዴ የጫነው?» አለች። ረዳቱ ከበሩ ሳይዞር «ሬሳ ቢሆንማ አልቅሰን እንሸኘው ነበር፣ እናቴ» አላት። ሰው ሁሉ መስኮት ከፈተ። ብርዱ ገባ፤ ሽታው ግን አልወጣም። የሌጦ ሽታ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ሆኖ ይገባና ባለቤት ሆኖ ይቀመጣል።

እኔም ቋቅ ብሎኛል። ምራቄን ደጋግሜ ዋጥኩ። ግን በዚያ ሁሉ መሃል ፈገግ አልኩ፤ ሴትዮዋም እንደ እብድ አየችኝ። ምን ልበላት? ያ ሽታ ለእኔ የሌጦ ሽታ ብቻ አይደለም። የኢሜይል ሽታም ነው።

አትሳቁ። ልንገራችሁ።

አባቴ ቆዳ ነጋዴ ነው። ደባርቅ ውስጥ የእኛን ቤት የሚፈልግ ሰው አቅጣጫ አይጠይቅም፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ገብቶ አፍንጫውን ይከተላል። ግቢያችን ጥግ ላይ ግድግዳው ድንጋይ የሆነ መጋዘን አለ፤ ሌጦ ቤት እንለዋለን። ያኔ ውስጡ ሌጦ በሌጦ ላይ ተነባብሮ፣ በየመሃሉ ጨው ተነስንሶ፣ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር። ወለሉ ደርቆ አያውቅም። ጨውና ደም ሲገናኙ የሚሠሩት ሮዝ መሳይ ውሃ አለ፤ እሱ አንዴ የነካው ጫማ ከዚያ በኋላ የእናንተ ጫማ አይደለም፣ የሌጦ ቤት ነው። ጠጉሩ ላይ የደረቀ በጠጥ አለ። ጆሮ አለ። አንዳንዱ ገበሬ ቸኩሎ ገፎ ጅራቱን ከነስቡ ይተወዋል። ደባርቅ ብርድ ስለሆነ ዝንብ አይበዛም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ቤት መጥተው አላዩም። ትምህርት ቤት «ሌጢት» ይሉኝ ነበር። ዩኒፎርሜን በባሕር ዛፍ ቅጠል አሽቼ እሄዳለሁ፤ ውጤቱ ባሕር ዛፍ የበላ በግ መሽተት ብቻ ነበር።

እና አጎቴ ኮምፒውተሩን እዚያ ውስጥ አስቀመጠው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከእኛው ጋር ይኖር ነበር፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። አጎቴ ይንተባተባል። ትንሽ አይምሰላችሁ። ቃሉ አፉ ድረስ ይመጣና በር እንደተዘጋበት እንግዳ ይቆማል። ያንኳኳል፣ ያንኳኳል። ደም ስሩ ይገተራል። ሰው ደግሞ መጠበቅ አይችልም፤ ቃሉን ራሱ ያነሣለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሊለው ያላሰበውን ነው የሚያነሣለት። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ እየሄድኩ አፉ እሆን ነበር። «ወረቀት አልቋል፣ ነገ ተመለሱ ነው የሚለው» እላለሁ። እሱ በዓይኑ ያመሰግነኛል።

ሲጽፍ ግን ሌላ ሰው ነው። ጣቶቹ አይደናቀፉም። ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ የራሱን ችግር ሲነበብለት ያለቅስ ነበር። አንድ ባለ በቅሎ ሽማግሌ ከአምቢኮ ድረስ መጥተው አስጽፈው፣ ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አስነክተው «ይኼ ልጅ አፉን ጣቱ ላይ ነው የፈጠረለት» ብለው ሄደዋል።

ያቺን መምህርት ያመጣት ይኼው ጣቱ ነው። ዳባት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር፤ የዚያው የዳባት ነጋዴ ልጅ ነች። የፈተና ወረቀት ልታባዛ እያለች ደባርቅ ድረስ ትመጣለች፤ ዳባት ማባዣ የሌለ ይመስል! እናቴ ገና በጠዋቱ «ይቺ ልጅ ፈተናውን ለማን ነው የምታወጣው?» ብላ አሹፋበታለች። እኔ ግን የወደድኳት በአንድ ነገር ነው። ቃሉን አትነጥቀውም። አጎቴ ሲያዝ፣ መብራት እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ሰው፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ትላለች። ቃሉ ሲወጣ የሚጠበቅ ነገር እንደነበረ ሁሉ ደስ ይላታል። ከእሷ በፊት እንዲህ ያደረገለት ሰው አላየሁም፤ እኔም ጭምር አላደርግለትም ነበር።

ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ ሐዋሳ ደረሳት። ልትሰናበተን ስትመጣ ሱቁ በር ላይ ቆማ «በስልክ አትሰቃይ። ጻፍልኝ» አለችው። «እ… እ…» አለ። ጠበቀችው። «እሺ» አለ።

ጻፈላት። በኢሜይል ነበር የሚጽፍላት፤ ያን ሰሞን በእኛ በኩል የሞባይል ዳታ ይሄዳል ይመጣል፣ የሚታመነው በገመድ የሚገባው መስመር ብቻ ነበር። ሁሉም ነገር ደህና ሲሄድ ቆየና አንድ ቀን የአጎቴ ስልክ መናኸሪያው ሽንት ቤት ውስጥ ገባ። ስለዚያ ሽንት ቤት ምንም አልልም። ስልኩን እንጨት ሰዶ ሊያወጣ የሞከረ ልጅ ነበር፤ አይቶት እንጨቱንም ትቶ ሄደ፤ ይህ ይበቃል። ችግሩ ስልኩ አልነበረም። ሲሙ የወጣው በድሮ ጓደኛው ስም ነበር፣ ጓደኛው የት እንደገባ አይታወቅም፣ ኢሜይሉ ደግሞ በዚያው ቀን ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ አስወጥቶት «ማንነትህን ላረጋግጥ፣ ወደ ስልክህ ኮድ ልኬያለሁ» ይላል።

«ለ… ለማን ነው የላከው?» አለ አጎቴ ስክሪኑን እያየ። «ለ… ለትሉ?»

የመምህርቷ ደብዳቤዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ቀሩ። አጎቴ አንድ ሙሉ ቀን ምሳም ሳይበላ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ወላሂ ቃል ሳይዘው፣ «ከእንግዲህ ደብዳቤዬን ሰው ቤት አላሳድርም» አለ።

የራሱን የኢሜይል ፖስታ ቤት፣ ሰርቨር የሚሉትን፣ ሊከፍት ወሰነ ማለት ነው። እኔ ሰርቨር ሲባል የሆነ ትልቅ ቁም ሣጥን ይመስለኝ ነበር። ያመጣው ግን ከሱቁ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ጎኑ ክፍት፣ አንጀቱ የሚታይ። ረጅም ነገር ማስረዳት ሲያምረው ስለሚጽፍ፣ በወረቀት ጻፈልኝ፦ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ትልልቅ ፖስታ ቤቶች ያስቀምጥና ቁልፉን እነሱ ይይዙታል። እኛ ትንሽ ፖስታ ቤት ከፍተን ቁልፉን ራሳችን እንይዛለን። ዕዳው አንድ ነው፣ ደብዳቤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ለፖስታ ቤቱ የኢንተርኔት ስም ገዛለት፤ የማይቀያየር አድራሻ ያለው መስመርም ለመነ፣ ተሰለፈ፣ አገኘ።

ገመዱ ግን የሚገባው በአባቴ የድሮ የንግድ ስልክ በኩል ነበር። የድሮው ስልክ ደግሞ ሌጦ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

«በሌጦ መሃል ምን ሊሠራ?» አለ አባቴ።

«ብ… ብርድ ይወዳል፣ ጋሼ።»

አባቴ አሰበ። «ሌጦም ብርድ ይወዳል» አለ። «እንግዲህ ይስማሙ።»

አልተስማሙም። ይኸውላችሁ፣ ማሽን ሲሠራ ይሞቃል፤ የሌጦ ሽታ ሲሞቅ ደግሞ ይነሣል። ማራገቢያው ከፊት የጨውና የስብ አየር ይስባል፣ ከኋላ አሙቆ ፊቴ ላይ ይተፋዋል። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቅባት ይጋገራል። «መ» የምትባለዋ ቁልፍ ከተጫንኳት በኋላ ከጣቴ ጋር ትነሣ ነበር። አጎቴ በዚያ ላይ ቆሎ ይበላል! እዚያው! አንድ እጁ ቆሎ፣ አንድ እጁ ቁልፉ ላይ። «አጎቴ፣ ሌጦ ነክተህ?» እለዋለሁ። ጣቱን አይቶ፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ይቀጥላል። ያን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

መጀመሪያ ለራሱ «ሙከራ» የሚል ላከ። ደረሰ። እንደ ሕፃን ጨፈረ፤ ያቺ ሮዝ ውሃ ግድግዳው ላይ ተረጨች። ከዚያ ለመምህርቷ ላከ፣ ሲጨንቀን ሰንብቶ መልስ መጣ። «አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ተወርውረህ አገኘሁህ» ትላለች። «ከክብደት መቀነሻ ሻጮችና ከሎተሪ አጭበርባሪዎች መሃል። እጅህን ይዤ አውጥቼሃለሁ፤ ሁለተኛ እዚያ እንዳይወረውርህ ሳጥኔን ተቆጥቼዋለሁ።» አጎቴ ይህቺን ደጋግሞ አነበባት። ሱሪው ላይ የተለጠፈ የበግ ጠጉር እየነቀለ ነበር የሚያነባት።

ፖስታ ቤት መያዝ ቆሻሻ መያዝ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። አጎቴ የማሽኑን አንዲት የመላኪያ በር በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ አንድ ጠዋት ማሽኑ እንደ ታመመ በግ ሲያቃስት ደረስን። የማናውቃቸው ሰዎች በእኛ በኩል ለዓለም ሁሉ ደብዳቤ ይልካሉ። ምን ዓይነት ደብዳቤ? አልጽፈውም። አንዱን ከፍቼ አይቼ፣ ከሌጦ ቤት ወጥቼ፣ እጄን በኦሞ ታጠብኩ። በእጄ የነካሁት ነገር አልነበረም፤ ግን ታጠብኩ። አጎቴ ፊቱ ቀልቶ «በ… በእኔ ስም!» ይላል። «በእኔ ስም!» የእኛ አድራሻ በየአገሩ ስሙ ጠፍቶ፣ ስማችንን እስኪያጸዳ ድረስ የማይቀበሉን ሳጥኖች ነበሩ። ይሉኝታ ያለው ሰው ነውና፣ ለማያውቃቸው ሰዎች እንኳ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ።

አይጧ ደግሞ አለች። አንድ ቀን አባቴ ሌጦ ቤት በር ላይ ቆመና አየሩን አሸተተ። «ይኼ የእኔ ሽታ አይደለም» አለ።

እናቴ ከግቢው ሳቀች። «ደግሞ ይለያል?»

«እንዴት አይለይ? የእኔ ጨው አለው። ይኼ የዚያ ሣጥን ነው።»

እውነቱን ነበር። አይጧ ሙቀት ፈልጋ ገብታ፣ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ክፍል ላይ ተጠምጥማ ተኝታ፣ እዚያው በስላለች። ግማሿ ደርቋል። ግማሿ አልደረቀም። እጄ ቀጭን ስለነበረ ፌስታል አጥልቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጅራቷ ተጣብቆ ስለነበር ሳብኩት፣ ከዚያ… ይቅር። ግድግዳው ጥግ ሄጄ የበላሁትን በሙሉ አወጣሁ። አባቴ ጀርባዬን እየመታ «ጎበዝ! ዛሬ ገና የነጋዴ ልጅ ሆንሽ!» ይለኛል።

አንድ ሌላ በሽታም ነበረው ማሽኑ። ውስጡ ቀንና ሰዓት የምትይዝ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ የእኛ ሞታለች፣ ምትኳ ደባርቅ አልተገኘም። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰካራም ቀኑ የት እንደደረሰ አያውቅም፤ ካልነገሩት አይነሣም። አጎቴ ባትሪዋ እስክትመጣ ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፦ «መብራት ሲመጣ ቀኑን ሙሉ፣ ሰዓቱን ሙሉ፣ ካልተሞላ ደብዳቤ አይሄድም አይመጣም።» ከጎኑ የአባቴ የንግድ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ወረቀቱን ሲያልፍ ሲያገድም ያነበዋል፣ ጢሙን ያሻሻል፣ ወደ ሌጦው ይዞራል። ማሽኑን ነክቶት አያውቅም። «የአይጥ መጥበሻ» ነበር የሚለው።

አረፋ ሲቃረብ መምህርቷ ጻፈች። አጎቴ አንብቦ፣ ወንበሩን ለቅቆ፣ «አ… አንብቢልኝ፣ ዓይኔን አላመንኩትም» አለኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ትምህርቷን ጨርሳለች። እዚያው ሥራ ተሰጥቷታል፤ የሚፈልጋት ሰውም ሽማግሌ ልኳል። ለሁለቱም ገና አልመለሰችም። «ነይ ካልከኝ ወደ ዳባት እመለሳለሁ» ይላል ደብዳቤው። «ዝም ካልክ ግን ዝምታህን አውቀዋለሁ፤ አጠገቡ ስንት ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። ያሁኑን መልስህ ነው ብዬ እወስደዋለሁ፣ አልቀየምህም።»

«ነይ በላት!» አልኩት። «አሁኑኑ! ምን ትጠብቃለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። የሰው ሴት ልጅ ሽማግሌ ሳይዙ ነይ አትባልም ባይ ነው። ጎንደር ያሉት የአባቱ ወንድም እሺ ካሉት በኋላ ይጽፋል። በዚያው ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ፤ አረፋን እዚያው አሳለፈ። እኔም አረፋን ያሳለፍኩት ዳባት አክስቴ ቤት ነው።

በማግስቱ ስመለስ ሌጦ ቤቱ እስከ በሩ ሞልቷል። አረፋ ለእኛ እንዲህ ነው፤ ሰው ሥጋውን ይበላል፣ እኛ ቀሪውን እንቆጥራለን። ሌጦው ገና ትኩስ ነበር፣ እንፋሎት ያወጣል፤ በብርዱ አየር ላይ እንፋሎቱ ሲነሣ እየታየኝ አልተነፍስም ብዬ ገባሁ። ማሽኑ ይሠራል። የቁልፍ ሰሌዳው ግን ደም ነው! ከላይ በኩል፣ ቁጥሮቹ ላይ፣ የደረቀ ደምና ጨው፤ ወፍራም የጣት ዐሻራ፣ አንድ በአንድ። «ያ አላህ! ማን ነው እዚህ ያረደው?» ብዬ እየተሳደብኩ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግሁት። ጨርቁን በእንጨት ይዤ ነው የጣልኩት።

አጎቴ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ከመንገዱ አቧራ በታች ፊቱ ይበራል። የጎንደሩ አጎቱ እሺ ብለዋል። አባቴ ሌጦ ላይ ጨው እየነሰነሰ ነበር፤ ቀና አለ።

«መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር» አለው። ነገሩን ቀላል ሊያስመስለው ፈልጓል፤ አልቻለም። «ሣጥንህ ቀን ጠየቀኝ። ሰው በላዬ ላይ ሌጦ ይቆልላል፣ እኔ ቆሜ ሞላሁልህ። ደብዳቤ አይቅርብህ ብዬ።»

አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ጋ… ጋሼ! አላህ ይ… ይስጥልኝ!» አለው። አይጥ መጥበሻውን ነካልኝ ብሎ የሚያቅፈው መስሎኝ ነበር፤ የአባቴ ሽርጥ ግን በዚያ ሰዓት የሚታቀፍ አልነበረም።

ማን ደግሞ ለነጋዴ «ስንት ቀን ብለህ ሞላህ?» ብሎ ይጠይቃል? አባቴ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አጎቴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ጻፈ። እኔን አስወጣኝ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ብዙ ጽፎ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ጽፎ፣ አጥፍቶ፣ በመጨረሻ ጥቂት መስመር ብቻ ሲቀረው ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ በሌጦው ክምር ላይ ተደግፎ ጣሪያውን እያየ ቀረ። ያን ሰውዬ በዚያ ግማት መሃል እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት የመጀመሪያም የመጨረሻም ጊዜ ነው።

«ሄደ?» አልኩት።

«ሄ… ሄደ። ሳጥኗ ተቀብሎታል።»

መልስ አልመጣም። መጀመሪያ መስመሩ ነው አልን። መብራቱ ነው አልን። መብራት ሲሄድ አጎቴ ራሱ ይሞላል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ይመጣል፣ የእሷ ግን አይመጣም። «ደውልላት» አልኩት። «ለ… ለነገርኳት ነገር ዝም ካለች፣ ዝምታው መ… መልስ ነው» አለኝ። እሷ የጻፈችለትን ራሱን መለሰልኝ። ክረምቱ ገባ፤ ጭጋጉ ከሊማሊሞ በኩል እየወጣ ግቢውን ይሞላል፤ አጎቴ እርጥብ ሌጦ አጠገብ ቁጭ ብሎ ባዶ የደብዳቤ ሳጥኑን ደጋግሞ ይከፍታል። ቆሎ መብላቱን ተወ። ያ ሁልጊዜ የሚያስጠላኝ ቆሎ ሲቀር አስፈራኝ።

ወሬውን ያመጣው አባቴ ነው። ከዳባት ገበያ ተመልሶ እጁን እየታጠበ «ያቺ የባዮሎጂ መምህርት ኒካዋ ታሰረ አሉ፣ እዚያው ሐዋሳ። አባቷን አግኝቼ መብሩክ ብያቸዋለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው» አለ። እናቴ አጎቴን አየችው። አጎቴ ማሰሮውን አንሥቶ አባቴን እጁን አስታጠበው፤ ውሃው እስኪያልቅ አፈሰሰለት።

ሰርቨሩን ሊዘጋ የወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤዎቹን ወደ ፍላሽ ልገልብጥ ብሎ የላካቸውን ሲያይ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የመጨረሻውን፣ ያንን ደብዳቤ፣ ከላይ ፈለገው። የለም። ወደ ታች ሄደ። የለም። ሄደ፣ ሄደ፣ ይቅርታ የጠየቀባቸውን አለፈ፣ «አይፈለጌ ውስጥ ነበርክ»ን የመለሰበትን አለፈ፣ «ሙከራ» የሚለውም ታለፈ። ከሙከራ በታች ምንም ሊኖር አይችልም፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነውና። ግን አለ። አንድ ደብዳቤ፣ ከሁሉም ሥር፣ ቀኑ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ። ፖስታ ቤታችን ከመወለዱ በፊት የተጻፈ።

አባቴ የሞላው የእኛን ቀን ነው። የእኛን ዓመተ ምሕረት፣ የእኛን ወር፣ የእኛን ሰዓት፣ ልክ ካላንደሩ ላይ እንዳለው፣ አንዲት ሳያዛንፍ። ማሽኑ የፈረንጅ ነው፤ አላወቀም፤ አመነው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክል ፕሮግራም ነበረበት፣ እሱም ልዩነቱ ከመጠን ሲያልፍበት አኩርፎ ይተዋል። እኔና አጎቴ የፈረንጁን እንደሚሞላ ከማወቃችን የተነሣ ወረቀቱ ላይ የማንኛውን ቀን እንደሆነ መጻፍ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ደብዳቤው ደርሷል፣ ይህ ነው ነገሩ። የእሷ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። የገባው ግን ከሥር ነው፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለች የመጡላት ማስታወቂያዎች አጠገብ፣ ማንም ወርዶ በማያይበት ቦታ።

አጎቴ ከፈተው። እኔም አነበብኩት።

«ነይ። ቤቱ ይሸታል፤ አንዳንዴ እኔም እሸታለሁ። ቃል ይይዘኛል። ግን ነይ።»

ጮህኩ መሰለኝ። «እንደገና ላክላት! ከታች እይ በላት! ደውልላት፣ እኔ እነግርልሃለሁ፣ እኔ አፍህ እሆናለሁ!»

«የሰው ሚ… ሚስት ነች።»

«እሺ አባዬን ልንገረው! ምን እንደሠራ ይወቅ!»

እጄን ያዘኝ። አጎቴ ይዞኝ አያውቅም። ለመናገር ሞከረ፣ ደም ስሩ ተገተረ፣ ቃሉ በሩ ላይ ቆመ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነጠቅሁትም። እሷ ታደርግ እንደነበረው እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። ዝንብ ከንፈሬ ላይ አረፈ፤ ዘገነነኝ፤ ግን አልተነቃነቅሁም።

«ደ… ደም በእጁ ላይ እያለ» አለ በመጨረሻ። «ሥ… ሥራውን ትቶ… ለእኔ ብሎ ነው የሞላው። እንዳትነግሪው።»

አልነገርኩትም።

ያ ሁሉ ካለፈ ቆየ። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ የአጎቴ ሱቅ እዚያው ነው፤ እሱም እንደማንኛውም ሰው ደብዳቤውን ሰው ቤት ያሳድራል። ሣጥኑ ሌጦ ቤት ቀርቷል። አባቴ ጨው ሲነሰንስ ይቀመጥበታል።

የዚያ የሚኒባስ ቀን ቤት ስደርስ እዚያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አጎቴ አጠገቡ ቆሞ የሌጦ ጫፍ ይይዝለታል። አባቴ የተቀመጠበትን ሣጥን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ደምና ጨው በነካው መዳፍ፣ የተለመደውን ጨዋታውን ጀመረ።

«አንች ልጅ፣ ይኼ አጎትሽ አይጥ መጥበሻውን ጥሎብኝ ጎንደር ሲዞር፣ በአረፋ ምድር ማን ነው ያስነሣለት? ያን ቀን እኔ ባልኖር ደብዳቤው እዚሁ ሌጦ ሥር በስብሶ ነበር።» ወደ አጎቴ ዞረ። «ደረሰ አይደል?»

አጎቴ የያዘውን ሌጦ አስተካከለ።

«ደርሷል፣ ጋሼ» አለ። አንድም ቦታ ሳይይዘው።